የዱቄት አረብ ብረት (ለቢላዋ ስለት)

የዱቄት አረብ ብረት የሚባለው፣ የቀለጠ ብረት በከፍተኛ ግፊት በሚነፋ ጋዝ ተበትኖና በቅጽበት ቀዝቅዞ ዱቄት ከሆነ በኋላ፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተጣብቆ ድፍን እንዲሆን የሚደረግ ስቲል ነው። የአሠራሩ ዓላማ፣ ካርቦን ከቫናዲየምና ከመሰል ንጥረ ነገሮች ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠሩትን ካርባይድ የተባሉ እጅግ ጠጣር ቅንጣቶች ማድቀቅና እኩል ማሰራጨት ነው፤ በተለመደው መንገድ ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ብረት ውስጥ ቅንጣቶቹ ገዝፈው ስለሚሰባሰቡ ስለቱ በቀላሉ ይሸረፋል።

10 በመቶ ገደማ ቫናዲየም ያለው ሲፒኤም 10ቪ የተባለው የዱቄት አረብ ብረት ሳይዶለዱም ለረጅም ጊዜ ይቆርጣል፤ ይሁንና ክሮሚየሙ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ በመሆኑ ይዝጋል፤ የቫናዲየም ካርባይድም ከተራ መሳያ ድንጋይ ስለሚጠጥር፣ በደንብ ለመሳል የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። የኦስትሪያው ኤም390 በአንጻሩ 20 በመቶ ክሮሚየም ይዟል።

የክሮሚየም ብዛት ብቻውን ግን ዝገትን አይከላከልም። ዝገትን የሚመክተው በብረቱ ውስጥ የሟሟው ክሮሚየም እንጂ በካርባይድ የታሰረው አይደለም። አሜሪካዊው የብረታ ብረት ሊቅ ላሪን ቶማስ የቀመረውና በ2021 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ማግናከት የተባለው የዱቄት አረብ ብረት ይህንኑ ያረጋግጣል፦ ክሮሚየሙ 10.7 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በካርባይድ ስለማይታሰር ዝገትን አጥብቆ ይቋቋማል፣ ስለቱም እንደ ልብ አይሸረፍም። ጨውና ሎሚ ለሚነካው የወጥ ቤት ቢላዋ ከሦስቱ የሚመረጠው ማግናከት ነው።