የሚያውቁት ሽቦ፦ የርጭት አውሮፕላን ታሪክ ምን ያስተምረናል?

 

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በወረረን ጊዜ ብዙዎቻችሁ የርጭት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አይታችኋል። ቆርቆሮ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ አንበጣ ሲያባርር የነበረው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቀና ይል ነበር። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ዛፉን ሊነካው ነው!» ያላችሁም አትጠፉም። ፍርሃታችሁ ትክክል ነው። ከበረራ ሥራዎች ሁሉ አደጋ ከሚበዛባቸው አንዱ ርጭት ነው። ዛሬ የዚህን ሥራ ታሪክ እናውጋችሁ። መጨረሻ ላይ ነገሩ ወደ እናንተ ማሳ፣ እንዲያውም ጀርባችሁ ላይ ወደምትሸከሙት መርጫ ይመለሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ በሚባል ግዛት ነው። በ1921 ነሐሴ ወር ትሮይ በምትባል ከተማ አጠገብ የካታልፓ ዛፎችን አባጨጓሬ እየጨረሳቸው ነበር። ጆን ማክሬዲ የተባለ የጦር ሠራዊት አብራሪ አሮጌ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ይዞ መጣ። ኢቴን ዶርሞይ የተባለ መሐንዲስ የዱቄት መርዝ የሚይዝ ሣጥን ሠርቶ ከአውሮፕላኑ ጎን ገጠመለት። ዱቄቱ የሚወጣው በእጅ በሚዞር እጀታ ነበር። ከ4,800 በላይ ዛፎች ያሉበት ቦታ በጥቂት ደቂቃ ተረጨ፤ አብዛኛው አባጨጓሬም አለቀ። በሰው ጉልበት ቢሆን ስንት ቀን ይፈጅ እንደነበር እናንተው አስሉት።

ከዚያ ሥራው ወደ ጥጥ ማሳ ተሻገረ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የጥጥ ፍሬ የሚቦረቡር ነቀዝ ገበሬውን አደህይቶት ነበርና በሉዊዚያና አውሮፕላን ዱቄት መርዝ ይዞ ጥጡ ላይ ይመላለስ ጀመር። ዛሬ ዴልታ የሚባለው ትልቁ የመንገደኞች አየር መንገድ እንኳ አነሳሱ ከዚህ የጥጥ ርጭት ሥራ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የጦር ሠራዊቱ አብራሪ ያሠለጥንባቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች በርካሽ ተሸጡ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት አንዱን ይገዛል፤ ከፊቱ ያለውን ወንበር ነቅሎ በቦታው የመርዝ በርሜል ያስገባል፤ ነገ ጠዋት ሥራ ይጀምራል። ግን አውሮፕላኑ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። አብራሪው ወደፊት በደንብ አያይም። ሲወድቅም ወንበሩና ቀበቶው አያድኑትም። ብዙ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ የሚባለው «አብራሪው ተሳስቶ ነው» ብቻ ነበር፤ ቀብሮ መሄድ ነው።

ፍሬድ ዋይክ የሚባል መሐንዲስ ግን ጥያቄውን ለወጠው። «ማን ተሳሳተ?» ከማለት ይልቅ «ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ሲሳሳት እንዳይሞት ምን እናድርግ?» ወደሚለው ሄደ። በ1950 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ውስጥ ሆኖ ከመነሻው ለርጭት ተብሎ የታሰበ ኤጂ-1 የተባለ አውሮፕላን ሠራ። አብራሪው ከፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ማሳውን ቁልቁል ያያል። ከባዱ የኬሚካል ጋን ከፊቱ ሆነ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቢመታ ጋኑ ከኋላ መጥቶ አይጨፈልቀውም። የፊቱ አካል እየተጨማደደ ግጭቱን እንዲውጥ ተደረገ። የወገብና የትከሻ ቀበቶው ጠንካራ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት የርጭት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በጎማው እግርና በመስታወቱ ፊት ሽቦ የሚቆርጥ ስለት፣ ከጣሪያው እስከ ጭራው ደግሞ ሽቦውን የሚያሾልክ ገመድ ተገጠመላቸው።

እኛም ሀገር የዚህ ታሪክ ቅርንጫፍ አለ። በ1957 መጀመሪያ የበረረው አግ-ካት የተባለው ባለ ድርብ ክንፍ የርጭት አውሮፕላን ከ1986 ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተገጣጥሟል። ስሙንም «እሸት» ብለውታል። ለገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

እንግዲህ አውሮፕላኑ ይህን ያህል ከተሻሻለ አደጋው ለምን አልጠፋም? ዋና ዋናዎቹን ምክንያቶች እንያቸው።

አንደኛው መታጠፊያው ነው። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያስቸግረው ትልሙ ጫፍ ላይ መመለሱ ነው። አብራሪውም ማሳው ጫፍ ሲደርስ ሽቅብ ወጥቶ፣ አውሮፕላኑን በጎኑ አጋድሞ ይመለሳል። ጭነቱ ከበዛና ፍጥነቱ ከቀነሰ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል፤ መሬቱ ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ለማስተካከል ጊዜ የለም። ሙቀት ሲበዛና ቦታው ከፍተኛ ሲሆን አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ወይም በቀትር የሚበር አብራሪ ጭነቱን መቀነስ አለበት።

ሁለተኛው አለማየት ነው። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲሆን፣ አቧራ ሲነሳ፣ መስታወቱ ሲቆሽሽ አብራሪው ይታወራል። አንበጣው ራሱም ያሳውራል። በ2020 ጥር ወር ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስታወቱን ስለሸፈነበት ድሬዳዋ ማረፍ አልቻለም፤ አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ።

ሦስተኛው ድካምና መርዙ ራሱ ነው። ተባይ ቀን አይሰጥም፤ ስለዚህ አብራሪው ከንጋት ጀምሮ እየተመላለሰ ይውላል። ማላታዮን ያለበት የኬሚካል ቤተሰብ ደግሞ በቆዳም በትንፋሽም ገብቶ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ራሱ የዞረ ሰው በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ እየበረረ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

አራተኛው፣ ዋናው ጉዳያችን፣ ሽቦ ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት መርማሪዎች ከ2001 እስከ 2010 የደረሱ 180 የሽቦ ግጭቶችን አጥንተው ነበር። ከእነዚህ 100ው የደረሱት በግብርና በረራ ላይ ነው። አሁን ልብ በሉ፦ 63 በመቶ የሚሆኑት አብራሪዎች ሽቦው የት እንዳለ ከመምታታቸው በፊት ያውቁ ነበር!

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንላለን አይደል? እዚህ ላይ ግን ብዙውን የመታው የሚያውቁት ሰይጣን ነው። ሰውዬው ጠዋት ሽቦውን አይቶታል። አሥር ጊዜ በላዩ አልፏል። ከዚያ የመርጫው አፍንጫ ይደፈናል፣ ወይ በሬዲዮ ይጠሩታል፣ ወይ «ያቺን የቀረችውን ጥግ ልጨርሳት» ብሎ ያሰበውን አካሄድ ይቀይራል። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ ሽቦው ከአእምሮው ይወጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ ከመርጨቱ በፊት ማሳውን ከላይ ዞሮ ያያል፤ አካሄዱን ሲቀይር ወይም የቀረችውን ጥግ ሊጨርስ ሲል ደግሞ እንደ አዲስ ዞሮ ያያል። ሐሳቡ ከተበተነ ከፍ ብሎ ይወጣል እንጂ ሥራውን አይቀጥልም።

ውድ አርሶ አደሮች፣ የእናንተ ድርሻ እዚህ ጋ ይመጣል። አንበጣ ወይም ግሪሳ መጥቶ አውሮፕላን ቢላክ ማሳውን ከአብራሪው በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለነፋስ መለኪያ ተብለው በአጭር ጊዜ የተተከሉ፣ ቀለም ያልተቀቡ ቀጫጭን ምሰሶዎች የርጭት አብራሪዎችን ገድለዋል፤ የአካባቢው ሰው ግን ያውቃቸው ነበር። ስለዚህ፦

• አዲስ የመብራት መስመር፣ የኔትወርክ ታወር ወይም ምሰሶ ካለ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቀድማችሁ ንገሩ። «ያዩታል» ብላችሁ አትለፉት።
• ልጆችን ከማሳው አርቁ። አውሮፕላን ለማየት ዛፍ ላይ መውጣት፣ ሥሩ መሮጥ፣ ጨርቅ ማውለብለብ ይቅር። ድሮ ባንዲራ ይዞ ለአብራሪው መስመር የሚያሳይ ሰው ይቆም ነበር፤ መርዙም ይወርድበት ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ሳተላይት ተክቶታል።
• ንብ ያላችሁ የርጭቱን ቀን ጠይቃችሁ ቀፏችሁን አዘጋጁ። ከብት አታሰማሩ፤ የመጠጥ ውሃ ክደኑ። ወደ ማሳው የምትመለሱበትን ቀን ባለሙያው ይንገራችሁ።

የመጨረሻው ነገር። «እኔ አውሮፕላን አላበርም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን የጀርባ መርጫ ትሸከማላችሁ። ኬሚካሉ መርዝ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጓንት ያስፈልጋል፣ ነፋሱን በጀርባ ማድረግ ያስፈልጋል፣ የተደፈነውን አፍንጫ በአፍ መንፋት አይገባም፤ ይህን ሁሉ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል። ታዲያ የሚጎዳን አለማወቃችን ነው? አይደለም። ማታ ሲሆን፣ ሲደክመን፣ «ይቺን አንድ ትልም ልጨርስ» ስንል ነው የምንረሳው። የእኛም ሽቦ ይኸው ነው።

ስለዚህ በመርጫው ላይ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ቆም በሉ። ነፋሱን እዩ፤ እጃችሁን እዩ፤ አጠገባችሁ ማን እንዳለ እዩ። ሁለተኛውን በርሜል ስትሞሉም እንደገና እዩ። አብራሪዎቹ ይህንን የተማሩት በሕይወት ከፍለው ነው፤ እኛ በነፃ እንውሰደው።

ይህችን ጽሑፍ ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ሰላም ሁኑ፤ መልካም የሥራ ጊዜ!