ሁለት ምስክር ወይስ አንድ?

እ.ኤ.አ. በ1998 ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን የተባሉ የስታንፎርድ ተማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የመፈለጊያ ሞተር ከተጠቃሚው ይልቅ ለአስተዋዋቂው ያደላል ሲሉ አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት ጎግልን መሠረቱ፤ በ2000 ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ።

በ2021 ጎግል በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ተቀዳሚ ሆኖ እንዲቀመጥ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካው ፌዴራል ዳኛ አሚት ሜህታ ኩባንያው ሞኖፖሊውን ያስጠበቀው በሕገወጥ መንገድ ነው ሲሉ ወሰኑ።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። ሆኖም ዳክዳክጎ አብዛኛውን ውጤት የሚያገኘው ከቢንግ ነው። የሁለቱ መስማማት ሁለት ምስክር አይሆንም። ጎግልን ከቢንግ ማስተያየት ይሻላል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዋናውን ሰነድ ከፍቶ ማንበብ ነው።