ከእስጢፋኖስ እስከ እስጢፋኖስ

ከደሴ ከሆጤ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በእግሩ የሚጓዝ ሰው፣ ቀኑ ሳይመሽ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይደርሳል። በዚህ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከ1240 ዓ.ም. ገደማ ጀምረው መነኮሳትን አስተማሩ፤ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡትም ወንጌል እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ኢየሩሳሌምን እንደ ተሳለሙም ገድላቸው ይናገራል። ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱ እርሳቸው ስለ ሆኑ የሐይቅ ልጅነት በዚያ በኩል ወደ ሸዋ ተሻገረ።

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው የጥንት መንገድ ብዙ ቅርንጫፍ ነበረው። አንዱ በሰዋኪን፣ ሌላው በኑብያ በኩል ያልፋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በኑብያና በግብጽ አልፈው ቅድስት ከተማን ከተሳለሙ በኋላ፣ ቆጵሮስን ተሻግረው በ1345 ዓ.ም. በአርመን አገር ዐረፉ። በ1510ዎቹ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው የመንገዱን ማደሪያ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ በተራ ጽፏል። የየቀኑን ርቀት እንዲህ አድርጎ የሚያስታውስ በእግሩ የሄደ ብቻ ነው።

የዓባይን ዳር ይዞ የሚወርድ መንገደኛ አስዋን ሊደርስ ሲቃረብ ፊላ የምትባል ደሴት ነበረችለት። በእርስዋ ላይ የቆመው የኢሲስ ቤተ ጣዖት፣ ኑብያውያን ሳይቀሩ ይሳለሙት የነበረ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዮስጢንያኖስ አዘጋው፤ ኤጲስ ቆጶስ ቴዎድሮስም በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ግንቡ አልፈረሰም፤ መስቀል ተቀረጸበት፣ የኤጲስ ቆጶሱም ስም በጽርእ ቋንቋ ተጻፈበት እንጂ። ይህም ማስተዋል ነው፤ ቤቱን አፍርሰውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚታይ ምስክር ባልተገኘም ነበር። የግድቡ ውኃ ባስጨነቀው ጊዜ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነቅሎ ወደ ጎረቤት ደሴት ተዛወረና በ1972 ዓ.ም. ለጎብኚ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው ደብረ ቁስቋም፣ ቀጥሎም ካይሮ፣ ከዚያም ኢየሩሳሌም አለ። ጥቂቶች ግን ባሕሩን ተሻግረው ሮም ይደርሱ ነበር። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ያለው የእስጢፋኖስ ቤት በ1470ዎቹ መጀመሪያ በጳጳሱ በሲክስቶስ 4ኛ ተሰጣቸው፤ ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ቆሞ ይገኛል።

በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ በ1523 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ጦሩ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ደረሱና በእስጢፋኖስ ቤት ተቀመጡ። በአገር ቤት መጻሕፍት መቃጠላቸውን የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ለማሳተም ተነሡ፤ ከ1540 እስከ 1541 ዓ.ም. ባለው ጊዜም ታተመ። ሥራው ቀላል አልነበረም። አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አያውቁም፣ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ስሕተት ቢገኝ አንባቢ እንዳይወቅሳቸው በመጽሐፉ ውስጥ ለምነዋል። ይልቁንም የግብረ ሐዋርያት ምሉእ ብራና ስላልተገኘ አብዛኛው ከላቲንና ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመለሰ። የቀዳሜ ሰማዕት የእስጢፋኖስ ነገር የተጻፈበት መጽሐፍ ይኸው ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉና በዚያው በእስጢፋኖስ ተቀበሩ።