በቤት ውስጥ ለሚወሰዱ መድኃኒቶች የሚያገለግሉ ዲጂታል መሣሪያዎችና ሮቦቶች

ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕክምና የሚከታተል ሰው አብዛኛውን መድኃኒቱን የሚወስደው ከጤና ተቋም ውጭ፣ በራሱ ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ታካሚዎች መካከል መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ዲጂታል የመድኃኒት አወሳሰድ መሣሪያዎች የተሠሩት ይህንን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

ከሁሉም ቀላሉ የእጅ ስልክ ማንቂያ ነው። ሆኖም በአገራችን አንድ ጥንቃቄ ይሻል። ባለሙያው «ጧት 2 ሰዓት» ሲል ያዘዘው መድኃኒት በስልኩ ላይ 8፡00 ተብሎ መሞላት አለበት፤ 2፡00 ተብሎ ከተሞላ ማንቂያው የሚጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማንቂያው መድኃኒቱ በሚታደልበት ጊዜ፣ በፋርማሲ ባለሙያው ፊት ቢሞላ ይመረጣል። በጾም ወቅት የመድኃኒት ሰዓት መለወጥ የሚፈልግ ታካሚም አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ በስፋት የተፈተሹት መሣሪያዎች ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕክምና የሚያገለግሉት ናቸው። መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ መደበኛ ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ ታካሚው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕመሙ ስለሚቀልለት የማቋረጥ አደጋው ከፍ ይላል፤ ማቋረጥ ደግሞ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ ሊያስከትል ይችላል። ስማርት የመድኃኒት ሣጥን በሰዓቱ ድምፅና ብርሃን በመስጠት ያስታውሳል፤ ክዳኑ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት መዝግቦም በሞባይል ኔትወርክ አማካይነት ለጤና ተቋሙ ያስተላልፋል። ሌላው ዘዴ በመድኃኒቱ እሽግ ላይ የተለጠፈ ኮድ ሲሆን፣ ታካሚው መድኃኒቱን ሲወስድ ኮዱን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ሁለቱም ዘዴዎች በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በሚገኙ ጤና ተቋማት ተፈትሸዋል። በጥናቱ መሣሪያዎቹ በመጨረሻው የሕክምና ውጤት ላይ ከተለመደው ክትትል የተሻለ ለውጥ አላሳዩም። ይሁን እንጂ በየቀኑ ወደ ጤና ተቋም መመላለስን ማስቀረት መቻሉ ለቀን ሠራተኛና ከተቋሙ ርቆ ለሚኖር ታካሚ ቀላል ነገር አይደለም።

ሣጥኑ መከፈቱን እንጂ ክኒኑ መዋጡን አያውቅም። ኔትወርክ በተቋረጠበት አካባቢ መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰደ ታካሚ እንዳልወሰደ ሊቆጠር ይችላል። በመሆኑም በመዝገቡ ላይ ባዶ ቀን ሲታይ የመጀመሪያው እርምጃ ስልክ መደወል ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ቤቱ መላክ ነው፤ ታካሚውን መውቀስ አይገባም።

የመድኃኒት ሮቦት የሚባለው በእንግሊዝኛ «ሮቦት» የተባለ ይሁን እንጂ እግርና እጅ ያለው ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የተቆለፈ ማሽን ነው። በፊንላንድ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በቤት ለቤት እንክብካቤ ውስጥ ያገለግላል። በየሰዓቱ ተለይተው በትናንሽ ከረጢቶች የታሸጉ መድኃኒቶች ይጫኑበታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በድምፅ ጠርቶ፣ ቁልፉ ሲጫን ከረጢቱን ያወጣል። ታካሚው ካልወሰደው መልሶ ይቆልፍበትና ለእንክብካቤ ሠራተኛው መልእክት ይልካል። ይህም በመርሳት ምክንያት መድኃኒት ደግሞ መውሰድን ይከላከላል። ሥራው ግን በፋርማሲ አስቀድሞ በሚከናወን እሸጋ ላይ የተመሠረተ ነው። ሽሮፕ፣ በመርፌ የሚሰጥ ኢንሱሊንና ወደ ውስጥ የሚሳብ የአስም መድኃኒት በከረጢት ስለማይታሸጉ ለብቻቸው ክትትል ያሻቸዋል።

የታካሚው ምስጢርም ሊታሰብበት ይገባል። በርካታ ቤተሰቦች አንድ ስልክ በጋራ ስለሚጠቀሙ፣ የማስታወሻ መልእክቱ የበሽታውን ወይም የመድኃኒቱን ስም መጥቀስ የለበትም። ታካሚው ሣጥኑን ከቤተሰቡ ዕይታ መሰወር ከፈለገም መሣሪያውን ከመውሰዱ በፊት ለባለሙያው ቢያሳውቅ ሌላ ዘዴ ይመረጥለታል።

መሣሪያው ቢበላሽ ወይም ባትሪው ቢያልቅ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በወረቀት ካርድ ላይ እየተመዘገበ መወሰድ አለበት። የተዘለለ መድኃኒትን ለማካካስ ባለሙያ ሳያማክሩ በአንድ ጊዜ እጥፍ መውሰድ አይፈቀድም።