አንድ ኀዘን፣ ልዩ ልዩ ሆድ

አማርኛችን ለኀዘን የሰጠው ማደሪያ ሆድንና አንጀትን ነው። በትንሹም በትልቁም እንባ የሚቀድመውን ‹‹ሆደ ቡቡ›› ይለዋል፤ በደልንና መከራን የሚችለውን ‹‹ሆደ ሰፊ›› ይለዋል። የከፋው ሰው ‹‹ሆዱ ባሰው››፤ ልጁ የሞተበት ‹‹አንጀቱ ተቃጠለ››፤ ብሶቱን ውጦ ዝም ያለው ደግሞ ‹‹ሆድ ይፍጀው›› ብሎ ያልፋል። እነዚህን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ቋንቋው የኀዘኑን መጠን ብቻ ሳይሆን ኀዘኑ የሚያድርበትን ሰው ዓይነትም ለይቶ ያውቃል። ሞት አንድ ነው፤ ሆድ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ይህ ዕውቀት ከቋንቋ አልፎ በትምህርትም የተያዘ ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ፣ መምህራን ሰው ከሰባት ባሕርያት እንደ ተፈጠረ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አራቱ የሥጋ ባሕርያት ናቸው፤ መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ ማሰብ፣ መናገርና ሕያውነት። የግሪኩ ሐኪም ጋሌንም በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰውን ጠባይ በአራት የሰውነት ፈሳሾች ሲያስረዳ ከዚህ እምብዛም አልራቀም፤ የሚቆጣውን በቢጫ ሐሞት፣ የሚተክዘውን በጥቁር ሐሞት መብዛት ይተነትነው ነበር። የዛሬው ሳይንስ ፈሳሾቹን ጥሏል፤ ጥያቄውን ግን አልጣለም።

የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ኬገን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ሽታና አዲስ መጫወቻ እያቀረበ ተመለከተ። ከአምስቱ አንድ ያህሉ እጅና እግሩን እያወራጨ አለቀሰ፤ ከአምስቱ ሁለት ያህሉ ዘና ብሎ አየ። እንግዲህ ገና ምንም ያልደረሰባቸው፣ ማንም ያልሞተባቸው ሕፃናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሁለት ዓመታቸው ዓይናፋርና ፈሪ የነበሩ ልጆች፣ አድገው የማያውቁትን ፊት ሲያዩ፣ አሚግዳላ የተባለችው የአንጎል ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ አብዝታ ስትነቃ ታየች። አሚግዳላ ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን እንደ ደጅ ጠባቂ ነው፤ አደጋ የመሰላትን ሁሉ ቀድማ ትጮኻለች። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ነገሩን መርምሮ ‹‹እስቲ ረጋ በይ›› የሚላት ነው። በአንዱ ሰው ደጅ ጠባቂዋ ትበረታለች፤ በሌላው መርማሪው።

በዚያው በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ሰዎችን በኮምፒውተር የኳስ ቅብብል አጫውተው ሆን ብለው አገለሏቸው። የተገለሉት ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ የሥጋ ሕመም የሚያስነሣቸው አንዳንድ ቦታዎች ነቅተው ተገኙ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የሁለቱ ሕመሞች አሻራ ፍጹም አንድ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ጎረቤታሞች መሆናቸው ግን አልተካደም። ‹‹አንጀቴ ተቃጠለ›› የምትለዋ እናት ስለ ሥጋዋ ጭምር እንደምትናገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ አያስደንቀውም።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። ጎጃም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ኀዘን የተደራረበበት ሀገር ነው። በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለመቅጣት ገብቶ ሀገሩን አጠፋው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ደግሞ በዚያው ላይ ወደቀ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ረኃቡና ተላላፊው በሽታ ተከተሉ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሲሶው እንደ ጠፋ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎች ናቸው።

ይህን ያህል ሞት ያየ ሀገር ይዞት የቆየው የለቅሶ ሥርዓት ሲታይ፣ ጥንቱንም የሰውን ባሕርይ ልዩነት ተመልክቶ የተሠራ ይመስላል። እንባው ቅርብ የሆነው ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። እንባው ሩቅ የሆነውን ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሥራ፣ ፈረሱን፣ ደግነቱን እየጠራች ታመጣለታለች። ጨርሶ የማያለቅሰው ደግሞ መቃብር ይቆፍራል፣ ዳስ ይጥላል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ ኀዘኑን በክንዱ ይወጣል። ቀኑም አንድ ቀን አይደለም። ሠልስት አለ፤ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ አለ፤ መንፈቅና ሙት ዓመት አለ። በቀብሩ ቀን የደነዘዘ ሰው በአርባው ሊያለቅስ ይችላል፤ ሥርዓቱ ለዘገየውም ቦታ አስቀምጦለታል።

ነገር ግን ሥርዓቱ የፈቀደውን አንደበታችን ይከለክላል። ያላለቀሰችውን ሚስት ‹‹ዓይነ ደረቅ›› እንላታለን፤ ያለቀሰውን ወንድ ‹‹ምን ሆነህ ነው፣ ወንድ አይደለህ?›› እንለዋለን። በዚህ ፍርድ ስንት ቤት ተቀያይሟል! አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ቦናኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ባልና ሚስትን ገና አንዳቸው ሳይሞቱ ጀምረው እየተከታተሉ ነበር። ከሞቱ በኋላ ግማሽ ያህሉ ቋሚዎች ጽኑ ጭንቀት ሳይታይባቸው ሐዘናቸውን ተሸክመው ኑሯቸውን ቀጥለዋል፤ ‹‹የታፈነው ኀዘን ኋላ ይፈነዳል›› የተባለውም በእነርሱ ላይ አልታየም። ያላለቀሰ ሁሉ ጨካኝ፣ ያለቀሰም ሁሉ የተሸነፈ አይደለም ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ከጎጃም አንድ ምስክር ብጠራ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን እጠራለሁ። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተማሩ። ጣሊያን ሲወርረን የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ በኩል በጠላት እጅ ወደቁ፤ ሐዲስም ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው የጦር ቃል ኪዳኑ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1943 እስኪደርስ ድረስ ቆዩ። የወጣትነታቸው ስድስት ዓመት ከግድም በባሕር መካከል አለፈ።

ከዚያ በኋላ ምን ጻፉ? ‹‹ተረት ተረት የመሠረት›› በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በ1958፣ ‹‹ወንጀለኛው ዳኛ›› በ1974፣ ‹‹የልምዣት›› በ1980 ተከተሉ። የጦርነቱንና የግዞቱን ነገር የሚተርከው ‹‹ትዝታ›› ግን በ1985 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ ከእስር ከተፈቱ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ። በመካከሉ የመንግሥት ሥራ እንደ በዛባቸው እሙን ነው፤ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በለንደን ሀገራቸውን ወክለዋል፤ ሚኒስትርም ሆነዋል። ቢሆንም የሌላውን ሰው መከራ በልብ ወለድ አስቀድመው የራሳቸውን ለመጨረሻ ማቆየታቸው ልብ ይሏል። የአንዱ ቁስል በማግሥቱ ይናገራል፤ የሌላው አምሳ ዓመት ይጠብቃል። ሁለቱም እውነተኛ ቁስል ነው።

‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በዚህ ዓይን መልሶ ያነበበ፣ ደራሲው ይህን ልዩነት ምን ያህል እንዳወቁት ያያል። ፊታውራሪ መሸሻ የተነካ ክብራቸውን ወደ ቁጣ ይለውጡታል፤ በእሳትነታቸው ራሳቸውንም ቤታቸውንም ይለበልባሉ። በዛብህ ገና በልጅነቱ በእናቱ ስእለት የታሰረ ነውና ፍርሃትና ትካዜ ከጥላው አይለዩም፤ መከራ ሲመጣበት መንገዱ መሸሽ ነው። ካሣ ዳምጤ የሚያየው ግፍ ሲያንገበግበው ለብቻው ያወራል፤ ሰዉም ‹‹ጉዱ›› ብሎ ይስቅበታል፤ ከሁሉ ይልቅ አእምሮው የጠራው ግን እርሱ ነው። ሰብለ ወንጌል ዝም ትላለች። ዝምታዋ ግን ድንዛዜ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ፣ የጌታ ልጅ ሆና ሳለ በእግሯ ወደ ሸዋ ትነሣለች። በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አግኝታ ካጣችው በኋላም ትመነኩሳለች። ደራሲው ከአራቱ አንዱን ‹‹ትክክለኛው አዛኝ ይህ ነው›› ብለው አልሾሙልንም።

እንግዲህ ባሕርይ ዕጣ ፈንታ ነውን? ኬገን ራሱ እንዲህ አላለም፤ ካለቀሱት ሕፃናት ብዙዎቹ ሲያድጉ ፈሪ ሆነው አልቀሩም። የተሰጠን መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለው ልምምድ ነው። ጎጃም ለዚህ ቅኔ ቤት አላት። ተማሪው ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ በቁራሽ እየኖረ፣ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ አንዱን ቃል እያገላበጠ በሰሙ ውስጥ ወርቁን ይፈልጋል። የዛሬ ተመራማሪዎች አንድን አሳዛኝ ነገር በሌላ ትርጉም ማየት የአንጎልን የፊተኛ ክፍል እንደሚያሠራና የአሚግዳላን ጩኸት እንደሚያበርድ ጽፈዋል። ቅኔ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። ግን በዚህ ሙያ ያደገ አእምሮ ስድስት ዓመት ግዞት ሲመጣበት ባዶ እጁን አይቆምም ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ወደፊት ለቅሶ ስንደርስ ዓይን እንባ አወጣ አላወጣ ብለን አንቁጠር። የሚያለቅስ ያልቅስ፤ ዝም የሚል ዝም ይበል፤ እንጨት የሚፈልጥም ይፍለጥ። ከእኛ የሚጠበቀው እንደየሆዱ አብሮ መቀመጥ ነው።