ፖያይስ፦ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረች አገር

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1823 «ኬነርስሊ ካስል» የተባለች መርከብ ወደ 200 የሚጠጉ መንገደኞች ይዛ ከስኮትላንድ የሊዝ ወደብ ተነሣች። መንገደኞቹ የሚሄዱት በመካከለኛው አሜሪካ ጠረፍ ትገኛለች ወደተባለች፣ ፖያይስ ወደምትሰኝ አገር ነበር። ብዙዎቹ ጥሪታቸውን ሸጠው በዚያች አገር መሬት ገዝተዋል፤ የእጃቸውንም ገንዘብ «የፖያይስ ባንክ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ኖት ለውጠዋል። ዋና ከተማዋ ሴንት ጆዜፍ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ባለ ጉልላት ካቴድራል፣ ቴያትር ቤትና ባንክ እንዳሏት ሰምተዋል። አንድ ጫማ ሰፊ በቤተ መንግሥቱ እንደሚሾም ተነግሮት ቤተሰቡን ትቶ ነበር የተሳፈረው።

በመጋቢት ወር ሲደርሱ ያገኙት ጫካና ረግረግ ብቻ ነበር። ጥቂት ወራት ቀደም ብለው በሌላ መርከብ የመጡ 70 ያህል ሰዎች ከተማይቱን ፈልገው ስላጡ በባሕሩ ዳር ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል። ዝናሙ ሲገባ በሽታም አብሮ ገባ። ጫማ ሰፊው ቤተሰቡን ዳግም ለማየት ያለው ተስፋ ስለ ተሟጠጠ ራሱን በጥይት ገደለ። በኋላም የቤሊዝን ዋና ዳኛ የጫነች መርከብ ወደ ሥፍራው ብቅ ስትል፣ ዳኛው ፖያይስ የምትባል አገር ከቶ እንደሌለች ነገራቸው፤ የተረፉትም ወደ ቤሊዝ ተወሰዱ። ከሁለቱ መርከቦች ሰዎች መካከል ወደ እንግሊዝ አገር በሕይወት የተመለሱት 50 አልሞሉም።

የዚህ ሁሉ ጠንሳሽ ግሬገር ማክግሬገር የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። ይህ ሰው እንዲያው ከመንገድ የተነሣ ወሮበላ አልነበረም። በቬኔዝዌላ የነፃነት ጦርነት ከሲሞን ቦሊቫር ጋር የተሰለፈ እውነተኛ ጄኔራል ነበር፤ ሚስቱም የቦሊቫር ዘመድ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1820 የሞስኪቶ ጠረፍ ንጉሥ በአረቄና በጌጣጌጥ ልዋጭ 8 ሚሊዮን ኤከር መሬት የሰጠው መሆኑም እውነት ነው። በጥቅምት 1822 በፖያይስ መንግሥት ስም የ200,000 ፓውንድ የብድር ሰነድ ለሽያጭ ሲያቀርብ ሰነዱን ያወጣለት በለንደን የታወቀ ባንክ ነበር፤ የባንኩም መሪ ቀደም ሲል የለንደን ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ኖቱን ያተመለት ማተሚያ ቤት የስኮትላንድ ባንክን ኖት ያትም የነበረው ነው። በዚያው ዓመት ኮሎምቢያ፣ ቺሌና ፔሩ በለንደን ገበያ በ6 ከመቶ ወለድ ተበድረዋል፤ የፖያይስም ወለድ 6 ከመቶ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የብድር ሰነድ 3 ከመቶ ብቻ ይከፍል ስለ ነበር፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አዲሶቹ አገሮች ጥሎ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ እንደሚገነዘበው ማክግሬገር ሐሰቱን በእውነተኛ ነገሮች አጥሮ አቆመው። ፈጽሞ የፈጠራቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ከተማይቱ፣ መንግሥቱ፣ «ካዚክ» የሚለው የራሱ የመስፍንነት ማዕረግ፣ እንዲሁም ካፒቴን ስትሬንጅዌይስ ናቸው። ካፒቴኑ ከ350 ገጽ በላይ ያለው የፖያይስ መግለጫ መጽሐፍ ደራሲ ተብሎ ስሙ በሽፋኑ ላይ ታትሟል፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። በመጽሐፉ የተጠራጠረ ወደ ፖያይስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቃል፤ በጽሕፈት ቤቱ የተጠራጠረ መጽሐፉን ይገልጣል። የከፍታ ቅየሳ የሠራ ሰው ይህን ዓይነቱን ስሕተት ያውቀዋል። የመነሻው ነጥብ ከፍታ ተሳስቶ ከተሰጠ፣ ቀያሹ ዞሮ እዚያው ነጥብ ላይ ሲዘጋ ሒሳቡ ያለ እንከን ይገጥማል፤ ስሕተቱ የሚገለጠው ከሌላ ምንጭ በተገኘ ሁለተኛ ነጥብ ላይ ሲዘጋ ብቻ ነው። ለፖያይስ ሁለተኛው ነጥብ ቤሊዝ ነበረች። የጠረፉን ነገር የሚያውቁ እንግሊዛውያን እዚያ ይኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ ደብዳቤ ተጽፎ መልስ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ መሬቱ ደግሞ ዋጋው ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ነው ይባል ነበር።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይኸው ሥራ በኢንተርኔት ሲካሄድ ብዙም አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው «ዋንኮይን» እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ ነው ተብሎ በብዙ አገሮች ተሸጠ። ቢትኮይን እውነት ነበረ፤ በእርሱ የከበሩ ሰዎችም ነበሩ፤ እንደ ኮሎምቢያና እንደ ፔሩ ማለት ነው። የዋንኮይን ዋጋ ግን በገበያ የሚወሰን ሳይሆን ኩባንያው በራሱ ገጽ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ነበር። ገዢው ሀብቱ ሲያድግ ያይ የነበረው ሻጩ በሠራው መስኮት ነው። የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ የጉዳቱን መጠን ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎታል፤ መሥራቿ ሩያ ኢግናቶቫም እ.ኤ.አ. በ2017 ከተሰወረች በኋላ በይፋ አልታየችም።

የሌላውን ሰው ስምና መልክ ለብሶ መቅረብም እንዲሁ ረቅቋል። ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በአሩፕ ኩባንያ ላይ የደረሰው ነው፤ ይህም የሲድኒን የኦፔራ ቤት መዋቅር ያሰላው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ ቅርንጫፉ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከዋናው የፋይናንስ ኃላፊ የተላከ የሚመስል መልእክት ደረሰው። መልእክቱ ምስጢራዊ ክፍያ እንዲፈጽም የሚያዝ ነበር። ሠራተኛው በመጀመሪያ ተጠራጥሯል፤ ይህም ሊመሰገንበት የሚገባ ነው። ነገር ግን ወደ ቪዲዮ ስብሰባ ተጠርቶ ሲገባ ኃላፊውንና የሚያውቃቸውን ሌሎች ባልደረቦች በየመልካቸውና በየድምፃቸው አገኛቸው፤ ጥርጣሬውም ለቀቀው። ከእርሱ በቀር በስብሰባው የታዩት ሁሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበሩ ምስሎች ነበሩ። በ15 ጊዜ ዝውውር 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ወደ 5 የባንክ ሒሳቦች ወጣ። ነገሩ የታወቀው በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት በተጠየቀ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚያስፈልገው፣ ሠራተኛው ማጣራቱን አልተወም፤ ያጣራው ግን አጭበርባሪዎቹ ባዘጋጁለት መንገድ ነው። በእኛም አገር ከባንክ ወይም ከቴሌ ነኝ ብሎ የሚደውል ሰው «ካላመንክ በዚህ ቁጥር ደውለህ ጠይቅ» ቢል፣ ቁጥሩ ከደዋዩ የመጣ እስከሆነ ድረስ ማጣሪያ አይሆንም። ስልኩን ዘግቶ ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር መደወል ወይም በአካል ወደ ቅርንጫፉ መሄድ ግን ሁለተኛ ነጥብ ነው። ማኅተም በሌለበት ደብዳቤ ጉዳይ በማይፈጸምበት የቢሮ ልማድ ያደገ ሰው ማኅተም ባየ ጊዜ ልቡ ቶሎ ያርፋል፤ ዛሬ ማኅተምም፣ ፊርማም፣ የአለቃ ፊትና ድምፅም በኮምፒዩተር ይሠራሉ። የክፍያ ትእዛዝ ሲመጣ «ለማንም አትንገር» እና «አሁኑኑ» የሚሉት ቃላት አብረው የሚመጡትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ሰውየውን ከሁለተኛው ነጥብ ያርቁታል።

ከፖያይስ የተረፉት ሰዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1823 ለንደን ሲገቡ ጋዜጦች ነገሩን አወጡት። በጣም የሚያስገርመው ግን ከተረፉት አንዳንዶቹ ጥፋቱ የማክግሬገር ሳይሆን የሌሎች ነው ብለው በጽሑፍ መመስከራቸው ነው። ልጆቹን በዚያ ጉዞ የቀበረ አባት እንኳ ከነዚህ መካከል ነበረ። የተታለለ ሰው የተታለለበትን እጅ ለመክሰስ ይከብደዋል፤ ያን ማድረግ የራሱን ምርጫ መክሰስ መስሎ ይታየዋልና። በዚህ ዝምታ መካከል ማክግሬገር ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ያንኑ መሬት እንደገና መሸጥ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1825 ፈረንሳውያን ገዢዎች ለጉዞ ተዘጋጁ። የጉዞ ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ ግን የመንግሥት ሹማምንቱ ሰምተዋት ወደማያውቋት አገር የሚሄድ ይህን ያህል ሰው መብዛቱ አስደነቃቸውና ምርመራ ተጀመረ። መርከቢቱ ከለሃቭር ወደብ እንዳትወጣ ታገደች። ማክግሬገር ተይዞ በሚቀጥለው ዓመት በፍርድ ቤት ነፃ ተለቀቀ፤ በመጨረሻም ወደ ቬኔዝዌላ ተመልሶ የጄኔራልነት ጡረታውን ሲበላ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1845 በካራካስ በክብር ተቀበረ። በለሃቭር የታገዱት መንገደኞች ግን ያን ረግረግ ሳያዩ ቀሩ።