ማስታወሻችን ማን ጋ ነው ያለው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ስልክ ላይ ያለውስ? እስኪ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ፓልም ፓይለት የምትባል ኪስ ውስጥ የምትገባ መሣሪያ ወጣች። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ማስቀመጫ አላት። እዚያ ላይ አስቀምጠው አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ፣ እሷ ላይ የተጻፈው ወደ ኮምፒውተሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው ወደ እሷ ይሄዳል። «ሆትሲንክ» ይሉታል። ልብ በሉ፦ ሁለት ቅጂ አለ፣ ሁለቱም ባለቤቱ እጅ ነው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር መሀል ላይ የለም።

ከዚያ ስማርት ስልክ መጣ። ኤቨርኖት በ2008 ለሕዝብ ሲከፈት ገመዱ ቀረ፤ ዋናው ቅጂ ግን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ሄደ። ምቹ ነው፣ አልክድም። ግን ዋጋ ነበረው። ጉግል ኖትቡክ በ2012 ተዘጋ። ኤቨርኖት ራሱ በ2016 በነፃ የሚጠቀሙትን ከሁለት መሣሪያ በላይ አታገናኙም አለ፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ከ50 ማስታወሻ በላይ መጻፍ አትችሉም አላቸው።

እኛ ሀገር ነገሩ ሌላም መልክ አለው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ስልኬና ላፕቶፔ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መነጋገር አቃታቸው። ለምን? አንድ ክንድ ለማይሞላ ርቀት መንገዳቸው ባሕር ማዶ ስለነበር!

መፍትሔ የሚፈልጉ ሰዎች አልጠፉም። በ2019 ኢንክ ኤንድ ስዊች የተባለ የምርምር ቡድን «ሎካል ፈርስት» የሚል ሐሳብ ይዞ ወጣ፦ ዋናው ቅጂ ባለቤቱ ጋ ይሁን፣ ሰርቨሩ ረዳት ይሁን። ከባዱ ጥያቄ አንድ ነው። አንዱን ማስታወሻ ስልክ ላይም ላፕቶፕ ላይም ብናርመው የቱ ይጽና? ለዚህ «ሲአርዲቲ» የሚባል ስልት አለ፤ ለውጦቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርሱ ሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ውጤት ላይ ይደርሳል።

ዛሬ ኦብሲዲያን ማስታወሻን ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ እናንተው መሣሪያ ላይ ያስቀምጣል። ሲንክቲንግ ደግሞ ኢንተርኔት ባይኖርም በቤት ዋይፋይ ፋይሉን ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ያደርሳል። ዞሮ ዞሮ ወደ ፓልም ሐሳብ እየተመለስን ነው፤ ያለ ገመዱ።

እኔ በየወሩ ሁሉንም አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ኩባንያ ይዘጋል፣ መስመር ይቋረጣል። የእናንተ ማስታወሻ ዛሬ ማታ ኢንተርኔት ቢጠፋ ይከፈታል? ዋይፋዩን አጥፉና ሞክሩት፣ ውጤቱን ኮመንት ላይ ንገሩኝ።